የቤት ምድጃና የአየር መግቢያ አጠባበቅ
(ለቡና አገር ባለ ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ቤትን ስለ ማሞቅና ስለ ማቀዝቀዝ ነው። በሚዛን ተፈሪ ዝናቡ ሲበረታ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ምድጃው አይጠፋም። ወደ ቴፒ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱና ወበቁ ያስጨንቃል። ባንዱ ቤት እሳት፥ በሌላው ነፋስ ይፈለጋል ማለት ነው። ሁለቱም ግን እንደ ቡና ማሳ ናቸው፤ በየጊዜው ካልታረሙ ጥቅማቸው ቀርቶ ጉዳታቸው ይበዛል።

በመጀመሪያ ስለ ጭስ። «ኧረ አያቶቻችን በጭስ ቤት አድገው ሸምግለው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ የሸመገሉትን እናያቸዋለን። በሕፃንነታቸው በሳንባ ምች የተቀጠፉትን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው፥ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ የቤት ውስጥ ጭስ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ አጠገብ የሚውል ሕፃን እናቱ የምትስበውን ጭስ ይስባል፤ ሳንባው ግን ገና ለጋ ነው።

እንግዲህ ምድጃው እንዲህ ይጠበቅ፤

1ኛ/ በየቀኑ አመዱ ይጠረግ። አመድ ከታፈነ እሳቱ አየር ያጣል፥ ጭሱም ይበዛል። ፍም እንዳይኖርበት በደንብ ከበረደ በኋላ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ቢጨመር ሽታውን ይቀንሳል።

2ኛ/ በየሳምንቱ የጭስ መውጫው ይታይ። ጥቀርሻው ይራገፍ፤ ጥቀርሻ እሳት ይይዛልና የሣር ክዳን ላለው ቤት ጠላት ነው።

3ኛ/ የተሰነጠቀ ምድጃ በጭቃና በጭድ ይለሰን። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃም እንጨት የሚቆጥበው እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ነውና ስንጥቁ ይደፈን።

4ኛ/ እንጨት ከዝናብ በፊት ተፈልጦ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከማች። ርጥብ እንጨት ከሙቀቱ ጭሱ ይበልጣል። ጭሱ ቡናንም አይምርም፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ቡና ሽታውን ይዞ ገበያ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እሱም ከሰል ነው። ቡና ከተፈላ በኋላ ፍሙን ወደ መኝታ ቤት፥ ይልቁንም አራስ ወዳለችበት ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። «ጭሱ አልቋል፥ ፍሙ ቀልቷል» ይባላል። አይደለም! ፍም ሲቀላም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ቀለም የለው፥ ሽታ የለው፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳልና።

ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ቤተ ሰቡ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው «የበላነው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። በሩን ክፈቱ፥ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፥ ኦክስጅን እንዲያገኝ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ወተት ማጠጣት አያድነውም፤ ራሱን የሳተ ሰው የሚጠጣው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ይጨመር እንጂ ማንደጃ አይግባ።

ስለ ሙቀትም ጥቂት እንበል። በቆላው ቤት ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ይኑሩ፤ ነፋስ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። የወባ ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግበት፤ ወንፊቱ በየወሩ ይጠረግ፥ የተቀደደውም ይሰፋ። አጎበሩ ግን በዚህ ምክንያት አይቅር። የቆርቆሮ ቤት ኮርኒስ ቢኖረው ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ከቤቱ ራቅ ብሎ የተተከለ ዛፍም ጥላ ይሆናል። ቬንቲሌተር ያለው ሰው ከመብራት ነቅሎ አቧራውን ይጥረግ።

ለዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ መጥረጊያ፥ ጭቃና ትጋት ይበቃል። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃው የት እንዳለ እዩልን፤ ውስጥ ከሆነ ወደ ደጅ አውጡት።