ገብቶ መውጣትን ማወቅ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላሰማችሁ የፈለግሁት በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈለግ ስለ መግባትና ስለ መውጣት ነው። ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ እንዳይመስላችሁ፤ እኔን ጓደኛ ሊያሳጣኝ ደርሶ ነበር።

ፕሮግራም ፈንክሽን በሚባሉ ክፍሎች ይሠራል። አንዱ ሌላውን ይልካል፤ የተላከውም ሥራውን ፈጽሞ ውጤቱን ይዞ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህም በሰፈራችን በጠመንጃ ያዥ አንዲት እናት ልጇን ስኳር ግዛ ብላ ሱቅ እንደምትልከው ያለ ነው። ዲበገር የሚባለው መሣሪያ መልእክተኛውን የምንከታተልበት ሦስት መንገድ ይሰጠናል። ከደጅ ሆኖ መመለሱን መጠበቅ «ስቴፕ ኦቨር» ይባላል፤ አብሮት እየተራመዱ እስከ ሱቁ መሄድ «ስቴፕ ኢንቱ» ነው፤ አብረው ከሄዱ በኋላ «ይበቃኛል፤ የቀረህን ፈጽመህ ከቤት እንገናኝ» ማለት ደግሞ «ስቴፕ አውት» ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጂዲቢ በተባለው ዲበገር ትእዛዙ «ፊኒሽ» ይባላል፤ የተመለሰውንም ውጤት ጽፎ ያሳያል። ልብ በሉ፤ የቀረው ሥራ ይሠራል እንጂ አይዘለልም። እዚያው ጂዲቢ ውስጥ «ሪተርን» ቢሉት ግን መልእክተኛው ስኳሩን ሳይገዛ ይመለሳል።

እኔና ጓደኛዬ የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ ፕሮግራም ጀምረን ነበር። እርሱ የዓመቱን ቀኖች የሚደምረውን ፈንክሽን ጻፈ፤ እኔ ላኪውን ጻፍሁ። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን ስለ ነበረች ድምሩ 366 መሆን ሲገባው 365 ወጣ። እኔም «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብዬ ተቆጥቼ ከእርሱ ፈንክሽን ገባሁ። የተቀበለውን ዓመት ልብ ሳልል ዐሥራ ሦስቱን ወር መስመር በመስመር ስከተል አመሸሁ፤ ጥፋት ግን አጣሁ።

በመጨረሻ «ፊኒሽ» ብዬ ወጣሁ። ዲበገሩ 365 መመለሱን ነግሮ ከገዛ መስመሬ ላይ አቆመኝ። የላክሁትን ዓመት ብመለከት 2016 ነው! ከ2023 ላይ 7 ቀንሼ ኖሯል። 7 የሚቀነሰው ግን ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8 ነው። የጓደኛዬ ፈንክሽን ለተጠየቀው በትክክል መልሷል፤ የተሳሳተው ላኪው ነበር። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ በሰው ሥራ ውስጥ ጥፋት ለመፈለግ የገባ ሁሉ፣ ወጥቶ እርሱ ራሱ ምን እንደ ላከ ይመርምር በማለት ንግግሬን እፈጽማለሁ።