በባዕድ አገር ልደትን ብቻውን ለሚያከብር ተማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ልጆቻችን ለከፍተኛ ትምህርት በሄዱበት በምዕራቡ አገር ታኅሣሥ 29 ቀን የሥራ ቀን ነው፤ የአገሩ ሰው ልደትን ካከበረ 13 ቀን አልፎታል። የነቢያትን ጾም የፈጸመው ተማሪ ያለ ዘመድ ብቻውን ይገድፋል፤ «ለአንድ ሰው ምን በዓል አለው?» የሚል አሳብም ይፈትነዋል።

እኛ ግን ነቢዩ ዳንኤልን እናሳስበዋለን። እርሱም በባቢሎን የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ 3 ዓመት የተማረ ምርኮኛ ነበር፤ ሆኖም መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን 3 ጊዜ መጸለይን እስከ ሽምግልናው አልተወም። አንተም ልጃችን፣ ጥበባቸውን ተማር፤ መስኮትህን ግን አትዝጋ። በልደት ሌሊት ከመላእክት ጋር የሚያመሰግን ብቻውን አይደለም።

ወላጆችም ማዕዱ ከመቆረሱ አስቀድሞ በስልክ ድምፃችሁን አሰሙት፤ መርቁትም።

የእግዚአብሔር ቸርነት አይለየን፤ አሜን።