የእጅጋየሁ ሽባባው ትካዜና የእኛ ክርክር
(በእንጅባራ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «አገር በጭንቅ ላይ ሳለች የትካዜ ዘፈን ተቀምጦ የሚሰማ ተማሪ ተኝቷል ማለት ነው» ሲል ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁለት። እኛ በዚያን ቀን ዝም አልን። ዝም ማለታችንም መልስ አጥተን ሳይሆን በጭብጨባ መካከል መልስ መስጠት ስላልወደድን ነው። ዛሬ ግን አንድ አልበም ይዘን ቀርበናል።

አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፥ በዘፋኟ በራስዋ የቁልምጫ ስም «ጂጂ» የተባለው የእጅጋየሁ ሽባባው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ባወጣቻቸው ሥራዎች በኢትዮጵያውያን ዘንድ የታወቀች ነበረች፤ ይህ ግን ስሟን ወደ ሰፊው ዓለም ያወጣ አልበም ነው። ከዚህ አዳራሽ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለውን መንገድ የያዘ ሰው ደጋውን ለቆ ቻግኒ ይወርዳል። ጂጂ ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። ስለዚህ ስለ ሩቅ ሰው አንነጋገርም።

የቤተ ክርስቲያንን ዜማ የተማረችው ከቤታቸው ከነበሩ ቄስ ነው። ይህን ነገር ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት። በማኅሌት ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ ዜማውን በጆሮዋ ብትይዘው እንኳ የምታሰማበት ስፍራ የላትም። ወደ ዘፈን ብትሄድ ደግሞ በብዙ ቤት «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ይጠብቃታል። በዚህ አልበም ውስጥ ድምፅዋ ከፍ ብሎ ሲወጣና ሳይቸኩል እየተጠማዘዘ ሲወርድ የምንሰማው ሐዘን ከፍቅረኛ መለየት ብቻ አይመስለንም። የተማሩትን የሚያሰሙበት ቦታ ማጣትም አለበት። እኅቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሙዚቃውን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ሲሆን፥ የዚያ ኩባንያ መሪ ክሪስ ብላክዌል ቀድሞ የቦብ ማርሌን ሸክላዎች ያወጣውን አይላንድ ሪከርድስን የመሠረተ ሰው ነው። በቀረጻው ላይ ሄርቢ ሃንኮክ፥ ዌይን ሾርተርና ፋሮህ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተዋል። አልበሙ በውጭ አገር ሲመሰገን በአገር ቤት ግን ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም። በአንዳንዱ ዘፈን ላይ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ እጅግ ከብዶ አማርኛውን ይውጠዋል። ከመካከላችን አማርኛ አፍ የፈታንበት እንኳ አንዳንዱን ስንኝ ለመለየት ሦስት ጊዜ መልሰን ሰምተናል። ይህ ጉድለት ነው፤ የታላላቆቹ ስም አይሸፍነውም።

ላስዌል በ2003 እ.ኤ.አ. እነዚህኑ ዘፈኖች እንደገና አቀናብሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም አወጣቸው። በዚያኛው ድምፅዋ ወደ ኋላ ርቆ መሣሪያው ብቻውን ይንሳፈፋል። ሁለቱን አከታትለን ስንሰማቸው የጓደኛችን ክስ በየትኛው ላይ እንደሚጸና ተረዳን። ድምፅዋና ቃሏ ሲርቁ ሐዘኑ የማንም ሰው ሐዘን ይሆናል፤ ያን ጊዜ በእውነት ያስተኛል። ቃሏ ሲመለስ ግን ሐዘኑ አድራሻ አለው፤ ወንዙን በስሙ፥ የጦር ሜዳውንም በስሙ ይጠራል። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም የወጣው «ዛይን ሩትስ» መሣሪያው ቀለል ያለ በመሆኑ፥ ለጆሮ ብቻ ከሆነ እኛ እርሱን እንመርጣለን። ዳሩ ግን ለዛሬው ክርክር የሚያስፈልጉን ሁለት ዘፈኖች ያሉት በ«ጂጂ» ላይ ነው።

አንደኛው «አባይ» ነው። እንደ ቆንጆ ሰው ታወድሰዋለች፤ ወዲያውም እየወቀሰች ታዝንበታለች። ዘፈኑ ሲወጣ የግድቡ መሠረት እስኪጣል ገና አሥር ዓመት ያህል ይቀር ነበር። መሠረቱ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ታዲያ ወንዙ ከተገደበ ወዲያ ያ ሐዘን ጊዜው አለፈበት እንበል? እኛም እንዲህ ብለን ጠርጥረን ነበር። ነገር ግን ወደ ቻግኒ የሚወርደው መንገድ እዚያ አያበቃም፤ በመተከል በኩል አድርጎ ግድቡ ወዳለበት ወደ ጉባ ይዘልቃል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ቻግኒ ላይ በመጠለያ ሰፍረው የነበሩትም በዚሁ መንገድ መጥተው ነው። ያን ጊዜ ያየ ሰው «አባይ»ን የሚሰማው ስለ ውኃ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው «አድዋ» ነው። ስለ ጦርነት ሲዘፈን ጆሯችን የለመደው ሽለላና ፉከራ ነው። ይህ ዘፈን ግን አይፎክርም። ዝግ ብሎ፥ ለሰው ክብር ሲሉ የሞቱትን ሰዎች ያስባል፤ ምስጋናውም እንደ ለቅሶ ነው። እኛ አገውን በፈረስ የምናውቅ፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹን በዓል እዚሁ እንጅባራ ላይ ቆመን የምናይ ነን። በበዓሉ ዕለት ጉግሱን እያየን እንጮሃለን፤ ደስታው ግሩም ነው። ሆኖም ካለቁት ፈረሰኞች ስንቶቹ ስም እንዳልቀረላቸው ያሰብነው በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አልነበረም። ይህን ዘፈን በጸጥታ ስንሰማ ነው። የተኛ ሰው እንዲህ ያስባልን?

እግረ መንገዳችንን ስለ «ጉራማይሌ» አንድ ነገር እንበል። ጉራማይሌ ማለት አንዱ ጠቁሮ ሌላው እንዳለ እየተተወ የተነቀሰ ድድ ነው፤ ለተደባለቀ ንግግርም እንጠቀምበታለን። በቤት አውኚኛ፥ በገበያ አማርኛ፥ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የምንናገር እኛ በዚህ ስም ልንቀየም አይገባንም። እንዲያውም አልበሙን በሙሉ በዚህ ስም ቢጠሩት ይስማማው ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ተዘግቶባቸው ቤተሰቦቻቸውን ሳያዩ የከረሙ ጓደኞች በመካከላችን አሉ። ከእነርሱ አንዷ «ናፈቀኝ»ን ደጋግማ ስታሰማ፥ «ዝጊው፤ ታስለቅሺናለሽ» ያልናት እኛው ነን። እርስዋም «ዳንግላ እኮ እዚህ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም» አለችን። ከዚያ በኋላ ማንም ዝጊው አላላትም።

ጓደኛችን ዛሬም እፊታችን ተቀምጧል፤ መልስ ካለው ዕድሉን እንሰጠዋለን። ከዚያ በፊት ግን «አድዋ»ን እናሰማለን። ድምፅ ማጉያው ደካማ ስለሆነ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ በሩ አጠገብ ያለህ ወንድማችንም እባክህ በሩን ዝጋልን።