የመያዣ ብረትና የወገባችን ነገር
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት በጎረቤቴ ቤት ስለሠራነው ጥገና ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ብዙዎቻችን እዚህ ቤይሩት የምንውለው ከአዛውንት ጋር ስለሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ቡርጅ ሐሙድ፣ ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት፣ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። «ተይታ» ነው የምንላቸው። ውሃ መጠጣት መቀነሳቸውን አየሁና ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሽንት ቤት ስሄድ እወድቃለሁ ብዬ ነው» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው በገዛ ቤቱ በፍርሃት ሲጠማ!

ሥራውን የጀመርነው እሳቸውን በመጠየቅ ነው። ከመቀመጫው ሲነሡ እጃቸው ግድግዳውን የሚነካበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረግንበት። መያዣ ብረት ብዙ ጊዜ ከወለል ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ይታሰራል። ተይታ አጭር ናቸው፤ የሳቸው 82 ላይ መጣ፤ እዚያው ታሰረ።

ልብ በሉ፤ የፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም። በመምጠጫ ጎማ ሴራሚክ ላይ የሚለጠፈውም ድንገት ሊለቅ ይችላል። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ተራ ፊሸር አይዝም። ስለዚህ ድሪሉን ለሚያውቅበት ለናጡሩ ሰጠነው። ሲያልቅ እኔና ጓደኛዬ በየተራ ተንጠለጠልንበት፤ አልነቃነቅ አለ።

የሚያንሸራትተውን ምንጣፍ አነሣን። መብራት ስለሚጠፋ ከአልጋቸው እስከ ሽንት ቤት ባለ ባትሪ መብራት ለጠፍን። የበረንዳው ደፍ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የእንጨት መወጣጫ አደረግንለት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት።

አሁን የራሳችንን ጉዳይ ልናገር። ሰው ቤት ዕቃ ጠፋ ከተባለ ጣት የሚቀሰረው መጀመሪያ በእኛ ላይ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትግቡ፤ ሁለት ሁኑ። እኛ ለልጃቸው በዋትስአፕ አስፈቅደን፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ላክን። ዕቃውን ልጃቸው ከፍላ ናጡሩ ገዛ፤ ገንዘብ በእጃችን አላለፈም። የኤሌክትሪክ ገመድም አልነካንም።

በአሠሪ ቤት አዛውንት የምትይዙ እህቶች፣ በቀን አሥር ጊዜ የምታነሡት በወገባችሁ ነው። ወገብ ደግሞ አገር ቤት ስንመለስም ያስፈልገናል። «ማዳም፣ ብረቱ ከሐኪም ቤት ይረክሳል» በሏት። ይህን የምትሰማ ብዙ ናት።

ሜትራችን በማኅበሩ ሣጥን ውስጥ አለ። የፈለገች ትውሰድ፤ ለቀጣዩ እሁድ ግን ትመልስ።