ኢዮብ አባትም ነበር

ስለ ኢዮብ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ከብቶቹና ስለ ቁስሉ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆችን በአንድ ቀን ያጣ አባት ነው። በምዕራፍ 1 ሰገደ፤ በምዕራፍ 3 የተወለደበትን ቀን ረገመ። ያው አንዱ አማኝ ነው። በኋላ አሥር ልጆች ተወለዱለት፤ እኔ ግን ወላጅ እንደ መሆኔ የፊተኞቹን ረሳ ብዬ አላስተምርም።

ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። ያጠፉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በምዕራፍ 42 የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በእነርሱ ላይ እንጂ፥ ሲሟገተው በከረመው አባት ላይ አይደለም።

በየጣቢያው የምታገለግሉ ሆይ፥ ልጇን ቀብራ የመጣችውን እናት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፥ አታልቅሺ» አትበሉአት። ስሟን በእህል መዝገብ ከመጻፋችሁ በፊት አብራችኋት ተቀመጡ፤ የልጇንም ስም ጠይቁአት።