የእናቱ ልጅ



እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995 አሜሪካ ውስጥ አንድ ረጅም ጽሑፍ በጋዜጣ ታተመ። ጸሐፊው ለ17 ዓመታት ቦምብ በእሽግ እያደረገ ሰው ሲገድልና ሲያቆስል የኖረ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነበር። 3 ሰዎች ሞተዋል፤ 23 ቆስለዋል። ዴቪድ ካዚንስኪ የተባለ ሰው ጽሑፉን ያነበበው ባለቤቱ ወንድሙን ጠርጥራ ስለወተወተችው ነው። ሲያነበው ግን የታላቅ ወንድሙ የቴድ አነጋገር መሰለው። የድሮ ደብዳቤዎችን አውጥቶ አመሳከረ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዝም ቢል፣ ቀጣዩ እሽግ የሌላ ሰው ልጅ እጅ ላይ ሊፈነዳ ነው። ቢናገር፣ የእናቱ ልጅ በሞት ሊቀጣ ይችላል። ስንቶቻችን ይህን ተሸክመን እንቅልፍ ይወስደናል? ተጨንቆ ተጨንቆ ተናገረ። ቴድ በኤፕሪል 1996 ሞንታና ጫካ ውስጥ ከነበረችው ጎጆው ተያዘ። እናታቸው የዴቪድን ጭንቀት ከራሱ አንደበት ሲሰሙ አቅፈው ሳሙት።

እኔ ይህን ክህደት ለማለት አፌ አይደፍርም። ዴቪድ ወንድሙ እንዳይገደል ተሟግቷል፤ ፍርዱም የዕድሜ ልክ እስራት ሆነ። ለጥቆማው ከተሰጠው የ1 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ አብዛኛውን ለተጎጂ ቤተሰቦች ሰጠ። እስር ቤት ለነበረው ወንድሙም ዓመታት ሙሉ ደብዳቤ ጻፈ። ቴድ በ2023 እስኪሞት ድረስ አልመለሰለትም።