ጣት መጥባትን በትዕግሥት ማስተው

አንደኛው አቅራቢ፦ በማኅፀን ሳይቀር የሚታየው ጣት መጥባት ሕፃን ራሱን የሚያጽናናበት ተፈጥሯዊ ልማድ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ በራሳቸው ይተዉታል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ይሁንና የወተት ጥርሶችን የሚተኩት ቋሚ ጥርሶች በ6 ዓመት ገደማ መብቀል ሲጀምሩ ልማዱ ካልቆመ፣ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ሊገፉና የላይኛዎቹ ከታችኞቹ ሳይገጥሙ ሊቀሩ ይችላሉ።

አንደኛው አቅራቢ፦ ጡት ለማስጣል እሬት መቀባት የተለመደ ቢሆንም፣ ጣትን በመራራ ነገር መቀባት ብቻውን ልጁን ያለ ምትክ መጽናኛ ያስቀረዋል።

ሁለተኛዋ አቅራቢ፦ ስለዚህ ወላጆች ድካም፣ መሰልቸት ወይም ፍርሃት ልማዱን የሚቀሰቅስበትን ሰዓት ለይተው የልጁን እጅ በጨዋታ ቢያስይዙ፣ ባልጠባበትም ጊዜ ቢያመሰግኑት ይበጃል፤ ቁጣና ማሸማቀቅ ግን ጭንቀቱን ስለሚያባብሱ ሊወገዱ ይገባል።